ስም የለሽ ቁጥር



ከአንድ መለኪያ ወደ ሌላ ስለመቀየር ሲነሳ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ማባዛትና ማካፈል ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቁጥር የመለኪያውን ስም ጥሎ ብቻውን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚደርሰው ጥፋት ነው።

ከፈረንሳይ ልጀምር። ከአብዮቱ በፊት ጨርቅ የሚለካበት “ኦን” ስሙ አንድ ሆኖ ርዝመቱ ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር። ገበሬውም ለባላባቱ የሚያገባው እህል በማን መስፈሪያ ይሰፈር የሚለው ጉዳይ የዘወትር እሮሮው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1791 ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለአሥር ሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ ሜትር እንዲባል ተወሰነ። ዴላምብርና ሜሼን የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በጦርነትና በሽብር መሐል ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ምድር ለዓመታት ለኩ። በ1875 ደግሞ 17 አገሮች የሜትርን ውል ፈረሙ።

አዲሱ መለኪያ ቢመጣም አሮጌው ከገበያ አልወጣም። ስለዚህ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሥርዓት አስፈለገ። በ1822 ፉሪዬ ስለ ሙቀት በጻፈው መጽሐፍ በአንድ ቀመር ውስጥ የሚደመሩ ነገሮች ዓይነታቸው አንድ መሆን እንዳለበት አስረዳ። በ1873 ማክስዌል የኤሌክትሪክና የማግኔት መጽሐፉን ሲከፍት፣ ማንኛውም መጠን ቁጥርና መለኪያ የተባሉ ሁለት ክፍሎች እንዳሉት አስቀመጠ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ይህ ነው። መለኪያው ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይባዛል፣ አብሮም ይካፈላል።

ለዚህ ግን የመለኪያው ስም በየአገሩ አንድ መጠን ሊያመለክት ይገባል፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ ኢንች እንኳ በጥቂቱ ይለያዩ ነበር። በ1959 ስድስት አገሮች ተስማምተው ኢንችን 25.4 ሚሊሜትር፣ ፓውንድን 0.45359237 ኪሎግራም አደረጉት። ይህ ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ቡናችን በአገር ውስጥ ገበያ በፈረሱላ፣ በኒውዮርክ ደግሞ በፓውንድ ነው ዋጋ የሚወጣለት። 17 ኪሎ የሆነው ፈረሱላ 37.48 ፓውንድ ገደማ ይሆናል።

አሁን ወደ ካናዳ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ሊበር ተዘጋጀ። አገሪቱ ወደ ሜትሪክ እየተሸጋገረች ነበር፤ አዲሱ አውሮፕላንም ነዳጁን የሚቆጥረው በኪሎ ነበር። የነዳጅ ጌጁ ስለተበላሸ በቋቱ ውስጥ ያለው በመለኪያ ዘንግ ተለካ፤ 7,682 ሊትር። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ያስፈልጋል። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ ሠራተኞቹ በነዳጅ ቀጂዎቹ ወረቀት ላይ የሰፈረውን 1.77 ተጠቀሙ። ሲባዛ 13,597 መጣ። ይህ ከ22,300 ሲቀነስ 8,703 ቀረ፤ እሱም ለ1.77 ሲካፈል 4,917 ሊትር ሆነ። ይኸው ተጨመረ።

ለስሌቱ እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን 1.77 የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ነው፤ በኪሎ 0.803 ያህል ነበር። መጨመር የነበረበት 20,088 ሊትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ስሙን ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ ሊትር “ፓውንድ በሊትር” በሚለው ሲባዛ ሊትሩ ተጣፍቶ ፓውንድ ይቀር ነበር፤ ፓውንድ ደግሞ ከኪሎ ላይ አይቀነስም። ሌላም ፍንጭ ነበር። የጄት ነዳጅ ከላምባ የተለየ አይደለም፤ ላምባ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ኩራዝ ሞልቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን፣ 1.77 ኪሎ የሚመዝን ላምባ ወደ ታች ይሰምጥ ነበር።

አውሮፕላኑ በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ ማለቅ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ዋና አብራሪው ሮበርት ፒርሰን ሞተር አልባ አውሮፕላን የማብረር ልምድ ነበራቸው። በማኒቶባ፣ ጊምሊ በተባለ ቦታ፣ የመኪና እሽቅድምድም መድረክ በሆነ የቀድሞ የአየር ኃይል ማኮብኮቢያ ላይ አሳረፉት። የተሳፈሩት 69 ሰዎች ሁሉ ተረፉ። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች ነዳጁን የሚያሰላው የበረራ መሐንዲሱ ነበር፤ 767 ግን በሁለት አብራሪዎች ብቻ የሚበር በመሆኑ ሥራው የማን እንደሆነ በግልጽ አልተደለደለም ነበር።

ከዚህ 16 ዓመት ያህል በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1999፣ ናሳ የማርስን አየር ንብረት እንድታጠና የላካት መንኮራኩር ጠፋች። የሎክሂድ ማርቲን ሶፍትዌር የትናንሽ ሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ ኃይል ሲያስቀምጥ፣ የናሳ የበረራ አቅጣጫ ባለሙያዎች በኒውተን መስሏቸው ተቀበሉት። አንድ ፓውንድ ኃይል 4.45 ኒውተን ነው። መንኮራኩሯ ከማርስ በ226 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ማለፍ ሲገባት እስከ 57 ኪሎሜትር ድረስ ዝቅ አለች። በዚያ ከፍታ የፕላኔቷን አየር መቋቋም አልቻለችም።