ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ መሥሪያ ቤት ውሳኔ



የዛሬው ንግግሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳይጠሩት ስለ ገባው አዲስ ረዳት፥ ማለት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። (ስሙን ያወጡለት ሰዎች ቸር ነበሩ፤ ማስተዋል ከእርሱ ዘንድ መኖሩ ገና ያከራክራል።) በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ማዕከል ተቋቁሞለት ኋላም ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲ አጽድቆለታል።

ይህ መሣሪያ በራሱ ብቻ የተተወ እንደ ሆነ አዋጅ ገልጦ አይመልስም፤ አስቀድሞ ከተጻፈው ብዛት ተነሥቶ፥ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ይጽፋል እንጂ። ግምቱ ቢሰምርም ቢሳሳትም አነጋገሩ አንድ ነው፤ አያፍርም፥ አያመነታም።

እስቲ ወደ ቡራዩ እንሂድ። ይህች የገፈርሳ ግድብ ያለባት ከተማ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናት። አዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሰፋች ቁጥር እርሻው የቤት መሥሪያ ቦታ ሆኗል፤ ገበሬውም ለካሣ ደጅ ጠንቷል። እንበልና የካሣ መዝገብ የያዘ ሠራተኛ፥ «ተተኪ መሬት ላላገኘ ገበሬ ስሌቱ እንዴት ነው?» ብሎ መሣሪያውን ጠየቀ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመቱን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ያባዛ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ በ15 እንዲባዛ አዘዘ፤ እርሱም በኋላ ማሻሻያ ወጥቶለታል። ስለ አሮጌው ሕግ ብዙ ተጽፏልና መሣሪያው 10 ብሎ ቢመልስ አያስደንቅም። እንግዲህ በየዓመቱ 40 ሺህ ብር ያገኝ የነበረው ሰው 600 ሺህ የሚገባው ሲሆን 400 ሺህ ይዞ ይሄዳል። ከውሳኔው በታች ያለው ፊርማ ደግሞ የመሣሪያው አይደለም።

መሣሪያው አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። መዝገቡን አስቀድማችሁ ራሳችሁ አንብቡ፤ የመሰላችሁን ውሳኔ ከነምክንያቱ በሁለት መስመር ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ «ይህን የሚያፈርስ ምን ክርክር አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። በዚህ ጊዜ በእውነት ያስተምራል። ሳያነብ የሚጠይቅ ጸሐፊ ግን ሦስት ዓመት በወንበሩ ቢቀመጥ መዝገብ ማንበብ አይለምድም። የጠቀሰላችሁን የአዋጅ ቁጥር ከነጋሪት ጋዜጣ ሳታመሳክሩ አትለፉ። የባለጉዳዩን ስምና የይዞታ ቁጥርም አትስጡት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ቁጥሩ ስለ ምን 15 እንደ ሆነ፥ ለባለጉዳዩ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ወረቀት ሳታዩ ማስረዳት ከተሳናችሁ፥ ሳትፈርሙ መዝገቡን እንደ ገና አንብቡት።