አሞሌና ወርቅ፤ የጥንት ነጋዴዎች መንገድና ልክ



የጅማ አውራ ጐዳና ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ በአየር ጤና በኩል ኮልፌ ቀራኒዮን አቋርጦ ወደ መዲናይቱ ይገባል። ቡና የጫነ መኪና በዚህ ሲያልፍ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ደቡብ ምዕራቡን ከሰሜኑ ጋር ካስተሳሰሩት ዕቃዎች ዋነኛው ጨው ነበር። ከአፋር ረባዳ ምድር የተጠረበው አሞሌ በጐጃም የባሶን ገበያ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ጅማና ከፋ ይዘልቅ ነበር። በልዋጩም ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና፣ እንዲሁም በግፍ የተጋዙ ሰዎች ወደ ሰሜን ይወጡ ነበር። የዚህን ንግድ ባሕርይ ለመረዳት በአፍሪካ ምዕራባዊ ጫፍ የነበረው አምሳያው ጥሩ መስተዋት ይሆናል።

ሶኒንኬዎች ከሰሐራ በስተደቡብ፣ በዛሬዎቹ ሞሪታኒያና ማሊ ምድር የኖሩ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ናቸው። እነርሱ ዋጋዱ የሚሉትን መንግሥት የዐረብ ጸሐፊዎች ጋና ብለውታል፤ የዛሬይቱ ጋና ስሙን ወረሰች እንጂ ቦታው ሌላ ነው። በአንዳሉስ ተቀምጦ የነጋዴዎችን ወሬ ያሰባሰበው አል-በክሪ በ1068 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፣ ከተማው ሁለት ነበር፤ አንዱ 12 መስጊዶች ያሉት የነጋዴዎች ሰፈር፣ ሁለተኛው የንጉሡ መቀመጫ። ንጉሡ ወደ አገሩ ከሚገባ ከእያንዳንዱ የአህያ ጭነት ጨው አንድ የወርቅ ዲናር፣ ከሚወጣው ደግሞ ሁለት ዲናር ይቀርጥ ነበር። ድብልብሉ ወርቅ ለንጉሡ፣ ትቢያው ለሕዝቡ ነበር። ይህም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ኬላንና ነጋድራስን የሚያስታውስ ሥርዓት ነው።

ጨውና ወርቅ የተገናኙበት ጥንታዊ መንገድ ግን ከኬላም ይቀድማል። በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አዱሊስን የጐበኘው ግሪካዊው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱምን ወርቅ ፈላጊዎች ጉዞ ተርኳል። በአገው ገዥ አማካይነት በየሁለት ዓመቱ የሚላኩት የንጉሡ ሰዎች ሌሎች ነጋዴዎች ታክለውባቸው ከ500 በላይ ሆነው ሳሱ ወደምትባል አገር ይወርዱ ነበር። እዚያም በእሾህ አጥር ዙሪያውን ከልለው ይሰፍራሉ፤ በሬ አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረት ጋር በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰው ወርቁን በፈለገው ዕቃ ላይ አስቀምጦ ዞር ይላል። የዕቃው ባለቤት ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ገዢው ይጨምራል፣ ወይም የራሱን ይዞ ይሄዳል። በ10ኛው መቶ ዘመን አል-መስዑዲ ስለ ምዕራብ አፍሪካ ወርቅ የጻፈው ዝምተኛ ግብይት ከዚህ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ተገበያዮቹ የጋራ ቋንቋም ሆነ የጋራ ዳኛ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሁለቱም ያከበሩት ልማድ ብቻ ነው።

የነጋዴውን ኑሮ የሚያዝዘውም ዝናብ ነበር። የአክሱም ሰዎች ክረምቱ ወንዞችን ሳይሞላባቸው ለመመለስ ይጣደፉ ነበር። የሶኒንኬ ቤተሰብም ማሽላና ዳጉሳ መሰል እህሉን በዝናብ ወራት ያርስ፣ በበጋው ይነግድ ነበር።

የመንገድን ዋጋ በቁጥር ማየት ይቻላል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬስ እንደሚለው፣ በጨው ማውጫው አጠገብ ከ120 እስከ 130 አሞሌ የሚገዛው ወርቅ ንጉሡ ከተማ ሲደርስ ከ10 ያነሰ አሞሌ ብቻ ያስገኝ ነበር። በ1352 እ.ኤ.አ. በጨው ግንብ የተሠሩትን የተጋዛን ቤቶች ያየው ኢብን ባጡታም፣ አንድ ጭነት ጨው በወላታ ከ8 እስከ 10 ምስቃል ወርቅ፣ በማሊ መዲና ግን ከ20 እስከ 30፣ አንዳንዴም 40 ያወጣ እንደ ነበር መዝግቧል። በዚያም ጨው እንደ ገንዘብ እየተቆራረጠ ይገበያዩበት ነበር። በእኛም አገር የአሞሌ ስባሪ፣ ማለት ቁርማን፣ እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር።

እዚህ ላይ የመሐንዲስ ዓይን የሚያርፍበት ነገር አለ። በአፋር የጨው ሜዳ ፈንቃዮች ቅርፊቱን በእንጨት ይገነጥላሉ፤ ጠራቢዎች ደግሞ በመጥረቢያ አንድ ዓይነት ልክ ያስይዙታል። አሞሌውን ገንዘብ ያደረገው የጠራቢው እጅ ነው። ዝናብ ያሟሟው ወይም ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ጨውነቱ ሳይጓደል ዋጋው ይወድቃል፤ የተጓደለው ልኩ ነውና። «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረትም ለጨው ብቻ የተነገረ አይደለም።

በ1894 እ.ኤ.አ. የዳግማዊ ምኒልክ ብር ከወጣ በኋላም አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ በገበያ ቆይቷል፤ ሕዝቡ የሚያምነውን ልክ በአዋጅ ብቻ አይጥልምና። ዛሬ ወደ ጨው ሜዳው የተዘረጋው መንገድ የግመሉን ጉዞ አሳጥሮታል፤ የአርሆ ሲራራም እየሳሳ ነው። በ120 አሞሌና በ10 አሞሌ መካከል የነበረው ልዩነት የግመል ነጂው እንጀራ፣ የቀራጩ ድርሻና የመንገዱ አደጋ ዋጋ ነበር። መንገድ ያንን ልዩነት ሲያጠበው የተረፈው ገንዘብ ወደ አንድ ሰው ኪስ መግባቱ አይቀርም። ለፈንቃዩና ለጠራቢው ይደርሳል ወይስ ለጫኙ ብቻ ይቀራል የሚለው ጥያቄ መንገዱ ከመነደፉ በፊት፣ ከአፈሩና ከድልድዩ ጥናት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀርብ ይገባዋል።