ግድብና ማስተንፈሻው
(በትምህርት ቤታችን ዓመታዊ በዓል ላይ በሳይንስ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ንግግራችን ስለ ግድብ ነው። ብዙ ሰው ግድብ ማለት ውኃን አግዶ የሚያስቀር ግንብ ብቻ ይመስለዋል። እኛ በትምህርታችን የተረዳነው ግን ግድብ የሚጸናው ውኃን በማገዱ ብቻ ሳይሆን፣ የተረፈውን ውኃ ያለ ጉዳት በማሳለፉ ጭምር መሆኑን ነው። ይህም ትምህርት ለእኛ ለሞላሌና ለአካባቢዋ ሰዎች ምን እንደሚጠቅም በመጨረሻ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ የውኃን ግፊት እንመልከት። ውኃ በጠለቀ ቍጥር ግፊቱ ይበረታል፤ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይጨመራል። በክብደቱ ጸንቶ የሚቆም ግድብ ከሥሩ ሰፊ፣ ከአናቱ ጠባብ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ግድቡ የቱንም ያህል ቢወፍር ክረምት ሲበረታ ሐይቁ ሊሞላ ይችላል። የአፈር ግድብ ከሆነና ውኃው በአናቱ ላይ ከፈሰሰ፣ የጀርባውን አፈር እየሸረሸረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይንደዋል። ይህ እንዳይሆን መሐንዲሶች ለትርፉ ውኃ የተለየ መውጫ ያበጁለታል፤ እርሱም ማስተንፈሻ ይባላል። አንዳንዱ ማስተንፈሻ የብረት በር አለው፤ ሠራተኞችም በሩን ከፍና ዝቅ እያደረጉ የሚወጣውን ውኃ ይመጥናሉ። ሌላው ግን በር የለውም፤ ከግድቡ አናት ዝቅ ብሎ የተሠራ ደፍ ስለሆነ፣ ውኃው እዚያ ሲደርስ ማንም ሳያዘው በራሱ ይፈስሳል። ከከፍታ የሚወርደውም ውኃ የግድቡን እግር እንዳይቦረቡር ከታች ኃይሉ የሚበርድበት ገንዳ ይሠራለታል።

ማስተንፈሻ ችላ ሲባል የሚመጣውን ጥፋት በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያ የደረሰው አደጋ ያስረዳል። ሳውዝ ፎርክ በተባለው የአፈር ግድብ ላይ ዓሣ እንዳያመልጥ ተብሎ በማስተንፈሻው የብረት ወንፊት ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ከባድ ዝናብ ሲጥል ጉድፉ ወንፊቱን ደፈነው፤ ውኃውም በግድቡ አናት ላይ ፈስሶ ናደው። በታችኛው ሸለቆና በጆንስታውን ከተማ ከ2,200 በላይ ሰዎች አለቁ።

አባቶቻችን ማደሪያ የለውም ብለው የተረቱበት ዓባይ ዛሬ ማደሪያ አግኝቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ ያለው ኮንክሪት ነው፤ ሐይቁም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ከአጠገቡ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በድንጋይ የተሞላ የኮርቻ ግድብ አለ። ኮንክሪቱ ውኃ በላዩ ቢያልፍ ይችላል፤ በድንጋይ የተሞላው ግን በላዩ እንዲያልፍበት አይፈለግም። ስለዚህ 6 በሮች ያሉት ማስተንፈሻ ተሠርቷል፤ በዋናው ግድብ መካከል በር የሌለው ማሳለፊያ አለ፤ ለክፉ ቀን የሚሆን ሦስተኛም ተዘጋጅቷል።

ወደዚህ ሐይቅ የሚወርደው ውኃ ከፊሉ የእኛው ነው። ሞፈር ውኃ፣ አዳባይና ወንጭት ወደ ጃማ፣ ጃማም ወደ ዓባይ ይገባል። ጎርፉ የሚሄደውም ባዶውን አይደለም፤ የመንዝን አፈር ተሸክሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ከደጋ በተጠረገ ደለል ብዙ ቦታው ተይዞበታል። በደለል የጠበበ ሐይቅ ጎርፍን የሚያቆይበት ስፍራ ያጥረዋል። ሐይቁ ቦታውን ሲያጣ የእኛም ማሳ አፈሩን አጥቷል ማለት ነው።

እንግዲህ በየቦረቦሩ የምንሠራው የድንጋይ ክትር ራሱ ትንሽ ግድብ መሆኑን እናስተውል። መካከሉ ከዳርና ከዳሩ ዝቅ ካላለ ውኃው በጎን ዞሮ አፈሩን ይበላና ክትሩን ይጥለዋል። ከሥሩም ድንጋይ ካልተነጠፈ የሚወርደው ውኃ መሠረቱን ይምሰዋል። እርከንም ቢሆን ትርፉን ውኃ የሚወስድ ሣር የለበሰ መፋሰሻ ያሻዋል።

ወላጆቻችን ሆይ! መፋሰሻው በማን ማሳ ይለፍ የሚለው ጥያቄ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ መሆኑን እናውቃለን። ከጠባብ ማሳ ላይ ጥቂት ክንድ መልቀቅ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጎርፉን ወደ ጎረቤቱ ቢገፋው፣ ጎርፉ ራሱ የወደደውን መንገድ ይመርጣል፤ የሚወስደውም ጥቂት ክንድ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ከክረምት በፊት በአንድነት መክራችሁ የውኃውን መንገድ እንድትወስኑ በትሕትና እንለምናለን። እኛም ልጆቻችሁ በበጋ ድንጋይ ለማቀበልና ሣር ለመትከል ዝግጁ ነን።