የመካኒኩ ሳጥን

እሷ፦ ዛሬ ወሬያችን ማንኩሽ ነው፤ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ፣ የህዳሴ ግድብ ጎረቤት። የግድቡ መሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተቀመጠ ጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ስንት ከባድ መኪና ወደዚያ ወረደ! መኪና ካለ መካኒክ አለ።

እሱ፦ መካኒክ ካለም ሳጥኑ አለ! ክዳኑን ክፈቺና ሰውየውን ታውቂዋለሽ። አንዱ ከምናለሽ ተራ ገበያ የገዛው ነው፤ ሌላው ላሜራ ቆርጦ፣ በይዶ፣ ከመኪና በተረፈ ቀለም የቀባው።

እሷ፦ ውስጡስ?

እሱ፦ ከላይ ባለው ትሪ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ከሥር ማርቴሎ። መፍቻዎቹ 10፣ 13፣ 17፣ 19 እያሉ በተራ ይደረደራሉ። እጀታቸው ላይ ቀይ ናስትሮ ይጠመጠማል፤ የባልደረባው ሰማያዊ ነው። ዕቃ ሲደባለቅ ጭቅጭቅ የለም።

እሷ፦ ማሳመሩን ትርፍ ነገር የሚሉ አሉ።

እሱ፦ በፍጹም አልስማማም። ቦታ ያለው መፍቻ ሲጎድል ወዲያው ይታወቃል። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች መሣሪያቸውን በየቅርጹ በተቆረጠ ስፖንጅ ውስጥ የሚያስቀምጡት ለዚሁ ነው፤ ሞተር ውስጥ የተረሳ መፍቻ ሰው ሊገድል ይችላል።

እሷ፦ ጉባ ደግሞ ቆላ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት እጅ ይለበልባል። ክዳን ያለው ሳጥን እዚያ ግድ ነው።

እሱ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የመካኒኩ ረዳት ነው። በተውሶ መፍቻ ሙያ ይማራል፣ የጠፋውን ይከፍላል፣ የራሱ ግን አንድም የለውም።

እሷ፦ የጋራዥ ባለቤቶች፣ እባካችሁ ለረዳቶቻችሁ ሳጥንና ጥቂት መፍቻ ግዙላቸው፤ ዋጋውንም ቀስ በቀስ ይክፈሏችሁ።