ዱከም እና ቀዩ መስመር

አቅራቢ 1፦ የኦሮምኛው የላቲን ፊደል ቁቤ በ1984 ዓ.ም. በይፋ ከተመረጠ ወዲህ የዱከም ከተማ ስም በላቲን ፊደል ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ የአማርኛውን አነባበብ ይከተላል፣ ሌላው የኦሮምኛውን። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ወርድ አንዱንም ካላወቀው በቀይ ያሰምርበታል።

አቅራቢ 2፦ ታዲያ የፊደል ማረሚያውን ማጥፋት ነዋ!

አቅራቢ 1፦ እሱማ እውነተኛውንም ስህተት ይደብቃል። ቃሉን በቀኝ ጠቅ አድርገሽ “ኢግኖር ኦል” በይው፤ በዚያ ሰነድ ዝም ይላል። “አድ ቱ ዲክሽነሪ” ካልሽ ግን በሌሎቹም ሰነዶች ያልፈዋል።

አቅራቢ 2፦ ተሳስቼ የጻፍኩትን ብጨምርስ? ከዚያ በኋላ ማን ያርመኛል?

አቅራቢ 1፦ እውነትሽን ነው፣ ስጋቱ አለ። ግን የመዝገበ ቃላቱ ዝርዝር ውስጥ ገብተሽ ትሰርዢዋለሽ። ችግሩ አንድ ቢሮ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ሲጨምር ነው።

አቅራቢ 2፦ እንግዲያው የቢሮ ጸሐፊዎች፣ መጀመሪያ በአንድ አጻጻፍ ተስማሙ፤ ከዚያ ጨምሩት።