ከቡርጎኝ የወይን አገር ያመጣነው ቁም ነገር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ሆነን ሁለት ጊዜ ወደ ቡርጎኝ ተጉዘናል፤ አንዴ በጥር፣ አንዴ በኅዳር። የጉዞውን ነገር በጉባኤ እንድንናገር ስትጠይቁን አንዳንዶቻችሁ እየሳቃችሁ «ወይን ልትጠጡ ነው እንጂ ሌላ ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?» ብላችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ከአሥራ አንዳችን አራቱ ከነጭራሹ አይጠጡም። የቀረነው ቀምሰናል፤ አልዋሸንም። ወጪውንም የቻልነው ዓመቱን ሙሉ በየወሩ 20 ዩሮ በማዋጣት ነው፤ ከመረዳጃው ሣጥን አንዲት ሳንቲም አልነካንም። ይህን የምንናገረው ጥርጣሬ እንዳይኖር ብቻ ሳይሆን በኋላ ለምናቀርበው ሐሳብም ስለሚያስፈልግ ነው።

ቡርጎኝ ከምንኖርበት ከሊዮን በስተሰሜን ነው። ባቡሩ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቦን ከተማ ያደርሳል። ከዲዦን ተነሥቶ በቦን አልፎ እስከ ሳንትኔ የሚዘልቀው የወይን መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግራና ቀኙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰደረ የወይን ተክል ነው። ማሳዎቹ ትንንሽ ናቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ግን የራሱ ስም አለው፤ ስም ያላቸው ቁራጮች 1,247 ሲሆኑ ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አገር ቤት ገበሬው «የላይኛው»፣ «የወንዙ ዳር» እያለ ማሳውን በስም እንደሚጠራው ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ የማሳው ስም ጠርሙሱ ላይ መጻፉና ዋጋውንም መወሰኑ ነው።

በመጀመሪያ የሄድነው በጥር መጨረሻ ነበር። ጥምቀት አልፎ ሳምንት ያህል ቆይቷል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቅዱስ ቬንሳን በፈረንሳይ የወይን ገበሬዎች ጠባቂ ነው፤ ቀኑም በፈረንጆች ጥር 22 ይውላል። በቡርጎኝ ትልቁ በዓል የሚከበረው በጥር የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን በየዓመቱ መንደር ይቀይራል። ለዚህም ነው «ዘዋሪው ሴን ቬንሳን» የሚባለው። አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ1938 ነው። ተራው የደረሰው መንደር ነዋሪዎች ክረምቱን ሲመሽ ሲመሽ ተሰብስበው በሺህ የሚቆጠሩ የወረቀት አበቦች ይሠራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ በረዶ የያዘው ዛፍ ሁሉ አብቦ አገኘነው። ቀረብ ብለን ስንነካው ወረቀት ነው።

ጎሕ ሲቀድ ሰልፉ ተነሣ። ከየመንደሩ የመጡ ማኅበራት ዓርማቸውን አስቀድመው የቅዱሱን የእንጨት ምስል በትከሻቸው ተሸክመው በወይኑ ማሳ መካከል ይጓዛሉ። ከዚያ ጸሎተ ቅዳሴ ይደረጋል፤ ቀጥሎም ጓዳው ሁሉ ይከፈታል። እንግዳው ብርጭቆና የመቅመሻ ምልክት ገዝቶ ከግቢ ግቢ ይዞራል። ከመካከላችን ታቦት ሸኝተን ያደግን አለን፤ ነገሩ አንድ ነው አንልም፣ ልባችን ግን የሚያውቀውን አገኘ።

ይበልጥ ያስገረመን ግን ሰልፉ ሳይሆን አጠገባችን ቆመው ሾርባ ይጠጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት የነገሩን ነው። በየመንደሩ ያሉት እነዚህ የቅዱስ ቬንሳን ማኅበራት የመረዳጃ ማኅበራት ናቸው። የቅዱሱ ምስል በአንድ አባል ቤት ለአንድ ዓመት ይቀመጥና በበዓሉ ቀን ለተረኛው ይተላለፋል። ይህን ሲሉን እርስ በርሳችን ተያየን፤ ጽዋ ማለት ነው! ቀጥለውም፣ አንድ አባል ሲታመም ወይም ሲጎዳ ጓደኞቹ መቀስ መቀሳቸውን ይዘው ወጥተው ወይኑን ይገርዙለታል፤ በየማሳው ተካፍለው ሥራውን ያደርሱለታል አሉን። ወይን አይጠብቅም። በክረምት ካልተገረዘ፣ በፀደይ ቅርንጫፉ ከሽቦው ጋር ካልታሰረ የዓመቱ ፍሬ ይበላሻል። የማሰሩ ሥራ ድሮ በአብዛኛው የሴቶች ነበር፤ እሳቸውም ጣቶቻቸውን እያሳዩ እናታቸውን አስታወሱ።

እዚህ ላይ የሆነውን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። አብራን የተጓዘች አንዲት እህታችን አለች፤ አሁንም እዚሁ ተቀምጣለች፤ እንድንናገርም ፈቅዳልናለች። ከጉዞው በፊት በነበረው ዓመት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስድስት ሳምንት ዕቃ ማንሣት ተከልክላ ነበር። ማኅበራችን በደንቡ የተወሰነውን ገንዘብ በሦስተኛው ቀን ላከላት። ጸሐፊዋ መዘገበች፤ እኛም ግዴታችንን ተወጣን ብለን ተኛን። ሁለቱ ልጆቿን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት ግን አልነበረም። የሆስፒታሉን ደብዳቤ የሚያነብላት አልነበረም። ቆሻሻውን ከአራተኛ ፎቅ የሚያወርድላት እንኳ አልነበረም። አሮጊቷ ተናግረው ሲጨርሱ ይህች እህታችን ቀስ ብላ «ገንዘቡ ደርሶኛል፤ እናንተ ግን አልደረሳችሁም» አለችን። በዚያ ብርድ ፊታችን ጋለ። በባቡሩም ስንመለስ ብዙ አላወራንም።

በኅዳር ሁለተኛ ጊዜ የሄድነው ቦን ከተማን ለማየት ነው። ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ለጿሚዎቻችንም ተስማሚ ነበር። በከተማዋ መካከል ኦቴል ዲዩ የሚባል ጥንታዊ ሆስፒታል አለ። ከመንገዱ ሲያዩት ግራጫና ጭምት ነው። በሩን አልፈው ግቢው ውስጥ ሲገቡ ግን ጣሪያው በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በቡናማ ሸክላ እንደ ጥልፍ ተሠርቶ ይታያል። የመሠረቱት በ1443 የቡርጎኝ መስፍን ዋና ሹም የነበረው ኒኮላ ሮላንና ባለቤቱ ጊጎን ደ ሳላን ናቸው። ጊዜው ጦርነትና ረኀብ አገሩን ያደኸየበት ነበር። የመጀመሪያው ሕመምተኛ የገባው በ1452 የአዲስ ዓመት ቀን ነው። ጊጎን ባሏ ከሞተ በኋላም ሥራውን አልተወችም፤ የተቀበረችውም እዚያው የድሆች አዳራሽ ውስጥ ነው።

የድሆች አዳራሽ የሚባለው ረጅም ክፍል ነው። ቀይ መጋረጃ ያላቸው አልጋዎች በግራና በቀኝ ተደርድረዋል። በአንድ አልጋ ሁለት ሕመምተኛ ይተኛ ነበር፤ ተኝተውም ከአዳራሹ ጫፍ ያለውን መሠዊያ ማየት ይችሉ ነበር። በሌላ ክፍል ሮሂር ቫን ደር ቬይደን የሣለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል አለ። በመካከሉ ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍሳትን ሲመዝን ይታያል። ከመካከላችን ታላቋ ሥዕሉ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ እኛም አላስቸኮልናቸውም።

ይህ ቤት እስከ 1971 ድረስ ሕመምተኛ ሲያስተናግድ ኖሯል፤ አሁን ሙዚየም ነው፣ ሕክምናው ወደ አዲስ ሆስፒታል ተዛውሯል። እንዴት ይህን ያህል ዘመን ቆመ? መልሱ ወይን ነው። በ1457 ጊዬሜት ለቨርኒዬ የምትባል ሴት ለሆስፒታሉ የወይን ማሳ በስጦታ ሰጠች፤ የመጀመሪያው የወይን ስጦታ የእሷ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎችም በየዘመናቸው ጨመሩ። ዛሬ የሆስፒታሉ የወይን መሬት 60 ሄክታር ያህል ደርሷል። ከ1859 ጀምሮ የዓመቱ ወይን በኅዳር ሦስተኛ እሑድ በሐራጅ ይሸጣል፤ ገቢው ለሆስፒታሉ ሥራ ይውላል። የሚሸጠው በጠርሙስ ሳይሆን በበርሜል ነው፤ አንዱ በርሜል 228 ሊትር ይይዛል። በዱሮው ልማድ ሻማ እየበራ ይጫረቱ ነበር፤ ሻማው ሲጠፋ ጨረታው ያበቃል። በየዓመቱም አንድ በርሜል ተለይቶ ለበጎ አድራጎት ይሸጣል። በ2021 ይህ በርሜል በ800,000 ዩሮ ሲሸጥ ገንዘቡ የሄደው ለጡት ካንሰር ሕክምናና ምርምር፣ እንዲሁም ከቤት ውስጥ ጥቃት ለሚሸሹ ሴቶች ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውርጭ መትቶት የቡርጎኝ ምርት እጅግ ቀንሶ እንደነበረም ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ውርጭ ሲመጣ ገበሬዎቹ ሌሊቱን በተክሎቹ መካከል ትላልቅ ሻማዎች እያበሩ ቡቃያውን ያሞቃሉ።

የሐራጁ ሰሞን ከተማዋ በሙሉ በዓል ላይ ናት። አደባባዩ በሙዚቃና በምግብ ድንኳን ይሞላል፤ የሩጫ ውድድርም አለ። ቅዳሜ ማታ በክሎ ደ ቩዦ ግንብ የክብር ራት፣ እሑድ ሐራጁ፣ ሰኞ ደግሞ በሜርሶ መንደር «ፖሌ» የሚባል ምሳ ይደረጋል። ራቱና ምሳው ለተጠሩ እንግዶች ስለሆነ እኛ አልገባንም። የፖሌ አመጣጥ ግን ደስ ይላል። ድሮ የወይን ለቀማ ሲያልቅ ባለቤቱና ለቃሚዎቹ በአንድ ማዕድ የሚበሉት ነበር። በሜርሶ በ1923 እንደገና ተነሣ፤ እያንዳንዱ እንግዳ የራሱን ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ለጎረቤቱ ያቀምሳል። ደቦ ውለው ማታ አብረው መብላት የምናውቀው ነገር አይደለም?

መሄድ ለምታስቡ እህቶቻችን ከልምዳችን ጥቂት እንንገራችሁ። ለጥር በዓል ወፍራም ካልሲና ጭቃ የሚችል ጫማ ያስፈልጋል፤ ሰልፉን ለማየት በጠዋት ድረሱ። ለኅዳሩ ሐራጅ ማረፊያ ቀድሞ ስለሚያልቅና ስለሚወደድ በጠዋት ባቡር ሄዶ ማታ መመለሱ ይሻላል። ሕዝብ የማትወዱ ከሆነ ግንቦትና ሰኔ ጸጥ ያሉ ናቸው። በመስከረም ለቀማው ስላለ ማሳው ሕይወት አለው፤ ሠራተኞቹን ግን አታውኩ፣ ፍሬም አትቁረጡ። ወይን ስትቀምሱ መትፋት ነውር አይደለም፤ መትፊያው ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ ነው። የማትጠጡ የወይን ጭማቂ ጠይቁ፤ ማንም በክፉ አያያችሁም። የክሎ ደ ቩዦን ግንብ ሳታዩ አትለፉ። መነኮሳት በመካከለኛው ዘመን በአጥር የከለሉት 50 ሄክታር ያህል ማሳ ዛሬ 80 ለሚሆኑ ባለቤቶች ተከፋፍሏል፤ የጥንቶቹ ትላልቅ የእንጨት መጭመቂያዎችም እዚያው ቆመዋል። ዲዦን ከደረሳችሁ በኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተቀረጸች ትንሽ ጉጉት አለች። ሰው በግራ እጁ እየዳሰሳት ምኞቱን ይናገራል። ከብዙ እጅ የተነሣ ፊቷ አልቋል። እኛም ዳሰስናት፤ የተመኘነውን ግን አንነግራችሁም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ከጉዞው ከተመለስን በኋላ ሦስት ጊዜ ተገናኝተን ተነጋግረናል። ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፤ ከገንዘብ መዋጮው ጎን የጉልበት መዝገብ ይኑረን። እያንዳንዷ አባል በዓመት አራት ግማሽ ቀን የምትሰጥበትንና የምትችለውን ሥራ ታስመዝግብ። ልጅ ማምጣት የምትችል አለች፣ ወጥ ሠርታ የምታደርስ አለች፣ ሐኪም ቤት ሄዳ የምታስተረጉም አለች። ጉልበት የሌላቸው እናቶቻችን ደውለው ያጫውቱ፤ እሱም ይመዘገባል።

ሁለተኛ፤ መዝገቡ ጸሐፊዋ ቤት አይቀመጥ። በየሦስት ወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዙር። ማኅበራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ስለሆነ ጽዋ አላልነውም፤ መዝገብ ይበቃዋል። መዝገቡ ቤቷ ያለ አባል ተረኛ ናት። ማን ታመመች፣ ማን ወለደች፣ ማን ጠፋች ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት። ሁሉም ይጠይቃል ሲባል ማንም እንደማይጠይቅ ባለፈው ዓመት አይተናል።

ሦስተኛ፤ ጉዞው ይቀጥል፤ ወጪው ግን እንደ አምናው በተጓዦቹ መዋጮ ብቻ ይሁን። መዋጮው ለከበዳት እህት ተጓዦቹ ተካፍለው ይክፈሉላት።

አንዳንዶቻችሁ «ሁላችንም ሠራተኞች ነን፤ ጊዜ ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ የሚያጥረን ነን። የቡርጎኝ ገበሬም የጎረቤቱን ወይን ሲገርዝ የራሱ ማሳ እየጠበቀው ነው። የሚሄደው ትርፍ ጊዜ ስላለው ሳይሆን ነገ ተራው የእሱ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው።

ያችን እህታችንን ዛሬ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። መዝገቡም ከጸደቀ የመጀመሪያዋ ተረኛ እሷ እንድትሆን ጠይቀናት እሺ ብላናለች። «እኔ ምን እንደሚጎድል አውቃለሁ» ነው ያለችን።

 ከዲዦን ያመጣነው ሰናፍጭ ከምሳው ጋር ቀርቧል፤ ከእኛው ስናፍጭ የቱ እንደሚበልጥ እናንተ ፍረዱ።