እያተኮሰን ለቅሶ ስለ መድረስ



በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው «የኅዳር በሽታ» ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ከቤት የዋለበት ጊዜ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠለው በዚያ ሰበብ ነው፤ ጭሱ ግን ሳል ያብሳል እንጂ ቫይረሱን አያባርርም።

ቫይረሱ በሳልና በንጥሻ ከአፍ ወደ አፍንጫ ይሻገራል። ጉሮሮ ውስጥ ተራብቶ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳትና ቁርጥማት ያመጣል። ክፋቱ፣ ሰውየው ገና ደህና ነኝ ሲል፣ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ማስተላለፉ ነው።

እኛ አቀስታዎች «ብርድ መታኝ» እንላለን። ብርዱ ብቻውን አያሳምምም፤ ብርዱን ሸሽተን በር ዘግተን ተጠጋግተን መቀመጣችን ነው። ለቅሶ ቤትማ መሳሳሙም አለ። መዝገብ ይዘን ስም ስንጠራ፣ እያተኮሰው ቅጣት ፈርቶ የመጣ ስንቱን አየን! «ተገኝቷል» ብለን ጻፍን፤ ጥፋቱ የኛም ነው።

ስለዚህ የታመመ ሰው ልኮ ካስታወቀ አይቀጣ እንላለን፤ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስንበት። የድንኳኑም አንድ ወገን ይከፈት።

የታመመ ይተኛ፣ አጥሚትና ሻይ ይጠጣ፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ፔኒሲሊን ቫይረስ አይገድልም፤ ሐኪም ሳያዝ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ክትባትም አለው፤ ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ በየዓመቱ ይታደሳል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና እንደኛ ያረጀ ሲታመምም ሳይውል ሳያድር ይታይ።

በአዲሱ መዝገብ ላይ «ታሟል» የሚል ዓምድ አስምረናል።